ለሄርፒስ የቱ ይሻላል? ክኒን፣ ቅባት፣ በየቀኑ መውሰድ ወይስ መተው

ፋርማሲ ገብታችሁ «ከንፈሬ ላይ ምች ወጣብኝ» ስትሉ አንዱ ቅባት ያቀብላችኋል፣ ሌላው ክኒን። ቤት ስትደርሱ ዳማከሴ ታሽቶ ይጠብቃችኋል። ስልካችሁን ስትከፍቱ ላይሲን የሚባል ማሟያ ውሰዱ የሚል አለ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀቡበት የሚል አለ፣ «ከሥሩ የሚነቅል» ዱቄት የሚሸጥም አለ። ቁስሉ ብልት ላይ ከሆነማ ብዙ ሰው ጭራሽ አይጠይቅም። ያፍራል፣ ያገኘውን ይቀባል፣ ዝም ይላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። እነዚህን ቁስሎች ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ በጣም የተለመደ ነው፣ መድኃኒቱም ከታወቀ ቆይቷል።

ምን ያህል የተለመደ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካሉ የዓለም ሰዎች 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ የሄርፒስ ዓይነት 1 አለባቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ደግሞ 520 ሚሊዮን ያህሉ ዓይነት 2 አለባቸው። አብዛኞቹ መያዛቸውን እንኳ አያውቁም።

ዓይነት 1 ብዙውን ጊዜ ከንፈር ላይ ይወጣል፣ ብልት ላይም ሊወጣ ይችላል። ዓይነት 2 በዋናነት የብልት ነው። ሦስተኛው ዘመዳቸው በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ይመጣና ከብዙ ዓመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይመለሳል። የሦስቱም ጠባይ አንድ ነው። ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም፣ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከዚያ፣ በተለይ ዓይነት 1 እና 2፣ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም የወር አበባ ሲመጣ ይነቃና ያገረሻል። ያሉን መድኃኒቶች ቫይረሱ ነቅቶ ሲባዛ ያስቆሙታል እንጂ የተኛውን አይነኩትም። ስለዚህ «ጨርሶ ያጠፋዋል» ለሚላችሁ ሰው አምስት ሳንቲም አትስጡ።

ምርጫችሁ እንግዲህ ሌላ ነው። ቁስሉን ማሳጠር፣ የሚያገረሽበትን ጊዜ ማራራቅ፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ መቀነስ።

በምን እንለካቸው?

ከየትኛውም መድኃኒት በፊት እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ። በዓመት ስንት ጊዜ ያገረሽባችኋል? የመለብለቡ ስሜት ከጀመረ በስንት ሰዓት ውስጥ መድኃኒት እጃችሁ ሊገባ ይችላል? በቀን ስንቴ መዋጥ ትችላላችሁ? ፈረቃ የሚሠራ ወይም ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚኖር ሰው በቀን አምስት ጊዜ ክኒን ማስታወስ ይከብደዋል። ልትጠብቁት የምትፈልጉት የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ አለ? የኩላሊት ችግር፣ እርግዝና ወይም ኤችአይቪ አለ?

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ የአንዱን ፍሬ ዋጋ ብቻ አትዩ። ጠቅላላ ስንት ፍሬ እንደምትፈልጉ አስሉ። ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው፣ ከታች ቁጥሩን አስቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። ብልት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ሄርፒስ ብዙውን ጊዜ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሆኖ ተሰብስቦ ይወጣል፣ ያማል፣ ይለበልባል። አንድ ብቻ የሆነ፣ የማያም፣ ጠርዙ ጠንካራ ቁስል ቂጥኝ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በመርፌ የሚድን በሽታ ነው። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም መድኃኒት አንድ ላይ የሚሰጧችሁ። አትገረሙ፣ ልክ ናቸው። ምርመራ ከተፈለገ የሚሻለው ቁስሉ ገና ትኩስ እያለ ከራሱ ከቁስሉ ናሙና መውሰድ ነው። «አይጂኤም» የሚባለው የደም ምርመራ ለሄርፒስ ጠቃሚ አይደለም፣ ገንዘብ አታውጡበት። «አይጂጂ» የሚባለውም ውጤቱ ከመስመሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያች ወረቀት ብቻ ትዳር አታፍርሱ።

መተው፣ ሲያገረሽ መውሰድ ወይስ በየቀኑ?

ሰዎች «የትኛው ክኒን?» ብለው ይጀምራሉ። የሚቀድመው ግን ይሄ ነው።

መተው ነውር የለበትም። ጤነኛ ሰው ላይ በዓመት አንዴ ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል። ንጽሕናውን ጠብቁ፣ አትንኩት፣ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ፣ ብርጭቆና ፎጣ ለዩ፣ እስኪደርቅ ማንንም አትሳሙ። በተለይ አራስ ጥየቃ ስትሄዱ! ከንፈራችሁ ላይ ቁስል ካለ ሕፃኑን አትሳሙ፣ ባትጠጉትም ይሻላል። ለእናንተ ቀላል የሆነው ቁስል አዲስ የተወለደ ልጅ ላይ አእምሮና ጉበት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ዘመድ ቅር ይለዋል ብላችሁ ዝም አትበሉ።

የማይተወው የመጀመሪያው የብልት ሄርፒስ ነው። የመጀመሪያው ከሚያገረሸው ይከፋል፤ ትኩሳት፣ የብሽሽት እብጠት፣ ሽንት ሲሸኑ ክፉኛ ማቃጠል ሊኖረው ይችላል። ለዚህ አሳይክሎቪር የሚባለው የሄርፒስ ክኒን 400 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል፣ ወይም ቫላሳይክሎቪር 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለዚያው ያህል ቀን።

ሲያገረሽ ብቻ መውሰድ ለብዙ ሰው የሚበቃው መንገድ ይመስለኛል። ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለው። ቶሎ መጀመር አለበት። ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት ቦታው ይለበልባል፣ ያሳክካል፣ ይነዝራል። ያኔ ወይም በመጀመሪያው ቀን ካልጀመራችሁ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ሦስተኛው ቀን ላይ ማዘዣ ለማውጣት የምትሰለፉ ከሆነ ቁስሉ ያለ እናንተ እርዳታ መዳን ጀምሯል። ስለዚህ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ «ቤት የማስቀምጠው እዘዙልኝ» በሉ። የሚያገረሽበት ሰው አንድ ዙር መድኃኒት ቤት ውስጥ ቢኖረው፣ ውድ መድኃኒት አርፍዶ ከሚገዛ ሰው ይበልጥ ይጠቀማል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

በየቀኑ መውሰድ የሚያዋጣው በዓመት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚያገረሽበት፣ ወይም በየጊዜው በመምጣቱ ኑሮው ለተረበሸ ሰው ነው። የማገርሸቱን ብዛት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። ደግሞ የጊዜን ሥራ አትርሱ። ዓይነት 2 በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ይመላለሳል፣ ከዚያ ለብዙዎች እየራቀ ይሄዳል። ብልት ላይ የወጣው ዓይነት 1 ከሆነማ ከመጀመሪያውም እምብዛም አያገረሽም። ስለዚህ በየቀኑ የሚወስድ ሰው በዓመት አንዴ ከሐኪሙ ጋር «አሁንም ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ቢነጋገር ጥሩ ነው።

የፍቅር ጓደኛን ለመጠበቅስ? በ2004 የታተመ ትልቅ ጥናት አንዱ ዓይነት 2 ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ያለበት ሰው በየቀኑ ቫላሳይክሎቪር 500 ሚ.ግ. ሲወስድ መተላለፉ በ48 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ግማሽ ያህል ማለት ነው እንጂ ሙሉ አይደለም። ኮንዶምም ይቀንሳል፣ ግን ያልሸፈነው ቆዳ አለ። ቁስል ወይም መለብለብ ሲኖር ግንኙነት አለማድረግ ደግሞ የግድ ነው። ቫይረሱ ምንም ቁስል ሳይታይ ከቆዳ ላይ ሊወጣ ስለሚችል አንዱ ብቻውን አይበቃም፣ ሦስቱን ማጣመር ነው የሚሻለው።

ኤችአይቪ ላለባቸው ይሄ ተስፋ አልሠራም። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ጥንዶች ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመው ጥናት፣ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው በየቀኑ አሳይክሎቪር ቢወስድም ኤችአይቪ ወደ ጓደኛው መተላለፉ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ለዚያ የሚሠራው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ራሱን በሥርዓት መውሰድ ነው።

ከሦስቱ ክኒኖች የቱ?

አሳይክሎቪር የሁሉም ታላቅ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ አለ። መድኃኒቱ ከወጣበት ቤተ ሙከራ የነበረችው ገርትሩድ ኤልየን በ1988 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል ተሸልማለች። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ በእርግዝናም ብዙ የተሞከረ ነው። ድክመቱ አንጀት በደንብ አይቀበለውም፤ ከዋጣችሁት ደም ውስጥ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ነው። በቀን ደጋግማችሁ የምትወስዱት ለዚህ ነው።

ቫላሳይክሎቪር ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ውስጥ ራሱ ወደ አሳይክሎቪር ይቀየራል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደም ውስጥ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር የምትገዙት ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ምቾት ነው፣ ምቾት ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ በቀን አንዴ የሚዋጥን ክኒን ሰው አይረሳም፣ አምስቴ የሚዋጠውን ግን ብዙ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ያቆመዋል። የአገር ቤት አንባቢዎች በሁሉም ፋርማሲ ላታገኙት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ጋ አስቀድማችሁ ዋጋ ጠይቁ።

ፋምሳይክሎቪር ውጤቱ ከእነዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው። ለከንፈር 1500 ሚ.ግ. በአንድ ጊዜ መዋጡ ደስ ይላል። ሐኪም ለይቶ ካላዘዘላችሁ ግን እሱን ፍለጋ ከተማ አትዙሩ።

ሦስቱም በኩላሊት በኩል ይወጣሉ። የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው መጠኑ ካልተስተካከለለት ኩላሊቱ ሊጎዳ፣ አእምሮው ግራ ሊጋባ ይችላል። ውሃ በደንብ ጠጡ። እዚህ የጻፍኳቸው መጠኖች ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ናቸው፣ ለልጅ አይደሉም።

ቅባት፣ ጂቪ፣ ዳማከሴና ሌሎቹ

5 በመቶ አሳይክሎቪር ያለው ቅባት በቀን አምስት ጊዜ ሲቀባ የከንፈርን ቁስል የሚያሳጥረው በግማሽ ቀን ያህል ነው። አሜሪካ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ዶኮሳኖል የሚባለው ቅባትም ከአንድ ቀን ያነሰ ነው የሚያተርፈው። አይጎዱም፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። ለብልት ሄርፒስ ቅባት አልመክርም። ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ገንዘቡን ለክኒኑ አውሉት።

ጂቪ (ያ ሐምራዊው) ሄርፒስን አያክምም። ቦታውን ቀለም ይቀባዋል፣ ሐኪሙ ቁስሉን እንዳያይም ያደርጋል። ላይሲን ላይ የተሠሩት ጥናቶች የሚያሳምን ውጤት አላሳዩም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስል ላይ አታድርጉ። ዳማከሴን በተመለከተ ግን ከማንም ጋር አልጣላም። ሽታው ያረጋጋል፣ ከትኩሳት ጋር ስትሆኑ በቡና መጠጣቱም የቆየ ልማዳችን ነው። ቫይረሱን ያስቆማል ብላችሁ ግን ክኒኑን አትተዉ፣ የተከፈተ ቁስል ላይና ዓይን አጠገብም አትሹት። ጸበልም ለሚወስዱ እንዲሁ ነው፤ ክኒኑ ከጸበሉ ጋር አይጋጭም፣ ጎን ለጎን ይወሰዳል።

በጣም የምፈራው ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ ሄርፒስ ላይ አትቀቡት። ለጊዜው ቅላቱን ያበርደዋል፣ ቫይረሱ ግን እንዲስፋፋ ያመቻቻል። ዓይን ላይ ከሆነ የበለጠ አደገኛ ነው። ዓይን ከቀላ፣ ካመመና ብርሃን ካስቸገረ ቤት ያለውን ጠብታ አትጠቀሙ፣ በዚያኑ ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። የዓይን ሄርፒስ ካልታከመ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አልማዝ ባለጭራ ሌላ ስሌት ነው

እዚህ ላይ «ልተወው» የሚለው አማራጭ የለም ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ብቻ፣ በመስመር የሚወጣ፣ የሚያቃጥልና የሚወጋ ሽፍታ ካያችሁ 72 ሰዓት አላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መድኃኒት ከተጀመረ ሽፍታውም ሕመሙም ያጥራል። ከተድበሰበሰ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው፣ ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ለወራት ልብስ ሲነካው የሚያስጮህ የነርቭ ሕመም ሊተርፈው ይችላል። 72 ሰዓቱ ካለፈና አዲስ ሽፍታ ገና እየወጣ ከሆነም ሂዱ። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ለዓይን ስለሚያሰጋ አትዘግዩ።

መጠኑ ከፍ ይላል። አሳይክሎቪር 800 ሚ.ግ. በቀን አምስት ጊዜ ለ7 ቀን፣ ቫላሳይክሎቪር 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን። ገንዘብ ካላችሁ ቫላሳይክሎቪርን እዚህ ላይ ብታወጡበት ይሻላል፣ በቀን አምስቴው በተግባር ይከብዳልና።

ወጣት ሆናችሁ አልማዝ ባለጭራ ከወጣባችሁ ኤችአይቪ ተመርመሩ። የግድ አለባችሁ ማለት አይደለም፣ ግን የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ከአንድ ወር በላይ የማይድን የሄርፒስ ቁስልም እንደዚሁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው ነፃ ነው።

ውጭ አገር ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ስለ አልማዝ ባለጭራ ክትባት አንሱላቸው። ሺንግሪክስ የሚባለው ክትባት በ2017 አሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ከ90 በመቶ በላይ ተከላክሏል። አሜሪካ ከ50 ዓመት ጀምሮ ይመከራል፣ የሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የመድኃኒት ሽፋን ላላቸው ከ2023 ጀምሮ ክፍያ የለውም። እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ 65 ዓመት ለሚሞላቸውና ከ70 እስከ 79 ላሉት በነፃ ይሰጣል። እናቶቻችን «መርፌ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ፣ አብራችኋቸው ሂዱ። ለከንፈርና ለብልት ሄርፒስ ግን እስካሁን ክትባት የለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | አወሳሰድ | የሚያስፈልገው ፍሬ | የሚስማማው | ድክመቱ |
|---|---|---|---|---|
| ምንም አለመውሰድ | የለም | 0 | በዓመት አንዴ ከንፈር ላይ ለሚወጣበት ጤነኛ ሰው | ለመጀመሪያው የብልት ሄርፒስና ለአልማዝ ባለጭራ አይሆንም |
| አሳይክሎቪር፣ ብልት ላይ ሲያገረሽ | 800 ሚ.ግ. በቀን 3 ጊዜ ለ2 ቀን | 12 ባለ 400 | በጀቱ ጠባብ ለሆነ | አንድ ቀን ካረፈደ ጥቅሙ ይቀንሳል |
| ቫላሳይክሎቪር፣ ብልት ላይ ሲያገረሽ | 500 ሚ.ግ. በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን | 6 ባለ 500 | በሥራ ለተጠመደ | ዋጋና አቅርቦት |
| ቫላሳይክሎቪር፣ ለከንፈር | 2 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 2 ግራም | 8 ባለ 500 | ምልክቱን ቀድሞ ለሚያውቅ | ቁስሉ ከወጣ ብዙም አይረዳም |
| አሳይክሎቪር በየቀኑ | 400 ሚ.ግ. በቀን 2 ጊዜ | በወር 60 ባለ 400 | በዓመት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚያገረሽበት | ጽናት ይጠይቃል |
| ቫላሳይክሎቪር በየቀኑ | 500 ሚ.ግ. በቀን 1 ጊዜ | በወር 30 ባለ 500 | ጓደኛውን መጠበቅ ለሚፈልግ | በዓመት 10 ጊዜ ለሚያገረሽበት 1 ግራም ሊያስፈልግ ይችላል |
| የአሳይክሎቪር ቅባት | በቀን 5 ጊዜ ለ4 ቀን | 1 ቱቦ | ክኒን ለማይፈልግ፣ ለከንፈር ብቻ | የሚያተርፈው ግማሽ ቀን ያህል |
| አልማዝ ባለጭራ፣ አሳይክሎቪር | 800 ሚ.ግ. በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን | 70 ባለ 400 | በጀቱ ጠባብ ለሆነ | ለመርሳት ቀላል |
| አልማዝ ባለጭራ፣ ቫላሳይክሎቪር | 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን | 42 ባለ 500 | አቅም ላለው፣ ለአረጋዊ (ኩላሊት ታይቶ) | ዋጋ |

ፋርማሲው ያለው አሳይክሎቪር ባለ 200 ከሆነ የፍሬውን ቁጥር በሁለት አባዙ።

እናንተስ የትኛው ጋ ናችሁ?

በጀታችሁ ጠባብ ሆኖ በዓመት አራት ጊዜ ብልት ላይ የሚያገረሽባችሁ ከሆነ አሳይክሎቪር ሲያገረሽ ብቻ ውሰዱ። 12 ሲባዛ በ4፣ በዓመት 48 ፍሬ ነው። በየቀኑ ብትወስዱ 730 ፍሬ ይሆን ነበር። ይህን ልዩነት ሳያሰላ በየቀኑ ጀምሮ፣ ገንዘብ ሲያጥረው በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው።

በየወሩ የሚመጣባችሁ ከሆነ፣ ወይም ከሌለበት ሰው ጋር አዲስ ሕይወት እየጀመራችሁ ከሆነ፣ የየቀኑ ያዋጣችኋል። ለጓደኛችሁ መንገሩ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ብትነግሩ ግን አብራችሁ ትወስናላችሁ፣ ቁስል በመጣ ጊዜም ሰበብ መፍጠር አይኖርባችሁም።

ከንፈር ላይ ብቻ የሚወጣባችሁና ሠርግ ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ የደረሰባችሁ፣ 8 ፍሬ ባለ 500 ቫላሳይክሎቪር ቤት አስቀምጡ። ፀሐይ የሚቀሰቅስባችሁ ከሆነ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ያለው የከንፈር ቅባት ከክኒኑ በፊት ሞክሩ።

ገልፍ ወይም ሌላ አገር ሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ እዚያ ሐኪም ጋ መድረስ ሊከብድ ይችላል። ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪም አይቷችሁ አንድ ሁለት ዙር መድኃኒት ከማዘዣው ጋር ያዙ። ከማሸጊያው አታውጡት፣ ማዘዣው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ ይሁን።

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ እናንተ ወይም ባላችሁ የብልት ሄርፒስ ካለባችሁ በመጀመሪያው ክትትል ላይ ተናገሩ። ከድሮ የነበረባት እናት ለልጇ የምታስተላልፍበት ዕድል ከ1 በመቶ በታች ነው፣ አትጨነቂ። ከባዱ በመጨረሻዎቹ ወራት አዲስ ሲይዝ ነው፣ ያኔ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ባልየው ካለበትና እሷ ከሌለባት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከግንኙነት መታቀብ ይመከራል፣ ከንፈሩ ላይ ቁስል ካለበትም በአፍ የሚደረገውን ጭምር። የሚያገረሽባት እናት ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ አሳይክሎቪር 400 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ ይታዘዝላታል። ምጥ ሲጀምር ቁስል ወይም መለብለብ ካለ በቀዶ ጥገና መውለድ ይመረጣል፣ ስለዚህ ማዋለጃ ክፍል ስትገቡ አዋላጇ ባትጠይቃችሁም እናንተ ንገሯት።